ዳማውን እንዳነከሰ አደባባይ ያወጡት የወይዘሮ ሸዋረጋ ደጉ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሸዋረጋ ደጉ ከአባታቸው ከአቶ ደጉ ማረውና ከእናታቸው ከወይዘሮ ባይነሽ አሊ በኅዳር ወር 1948 ዓ.ም. በደሴ ከተማ ሆጤ በሚባለው ሰፈር ተወለዱ። አባታቸው የገራዶ ተወላጅ ሲሆኑ የአንድ ባላባት ባልደራስ ነበሩ፤ ልጆቻቸውን ያሳደጉት ጋጣ እየጠበቁና ፈረስ እየገሩ ነው። ሸዋረጋ ከወንድሞቻቸው ይልቅ ከአባታቸው ኋላ የማይለዩ ነበሩና እናታቸው፣ «አንቺ ልጅ፣ ባል የሚመጣልሽ ይህ የፍግ ሽታ ሲለቅሽ ነው» እያሉ ይቆጧቸው ነበር። ሽታው አልለቀቃቸውም። ባሉ ግን መጣ፤ እዚያ ላይ እንደርሳለን።

እንዲህ ባለው ጽሑፍ ሟች ሁሉ ታጋሽ፣ ሳቂታና ሰው አክባሪ ነው። ወይዘሮ ሸዋረጋን የሚያውቅ ሰው ዛሬ እዚህ ቆሞ ይህን ቢሰማ ተሳስቶ የሌላ ሰው ቀብር የመጣ ይመስለዋል። እሳቸው ትዕግሥት አልነበራቸውም። የሚጸየፉት ነገር ብዙ ነበር፤ ሲጸየፉም ፊታቸው አይደብቅም። ቤተሰቡ የሕይወት ታሪካቸውን ለመጻፍ ሲቀመጥ ይህ ጸባያቸው ይቀነስ ወይስ ይቆይ ብሎ ተከራክሯል። ቢቀነስ የሚቀረው የተወለዱበትና የሞቱበት ቀን ብቻ መሆኑ ስለታየ እንዳለ ተትቷል።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በደሴ ተከታትለው በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ሐርቡ ተመድበው ማንበብና መጻፍ አስተምረዋል። በዚያው ዓመት የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ የአባታቸው ጌታ ፈረሶች አብረው ተወረሱ። አቶ ደጉ ፈረሶቹን ራሳቸው እየሳቡ ወስደው አስረከቡ። ለጌታቸው አላዘኑም፤ አዋጁንም አልጠሉም። አንጀታቸውን ያቃጠላቸው፣ የተረከባቸው ሰው ፈረሶቹ ምን እንደሚበሉ እንኳ ሳይጠይቃቸው መቅረቱ ነው። በ1969 ዓ.ም. አረፉ።

በ1971 ዓ.ም. በኮምቦልቻ፣ ቦርከና ወንዝ ዳር ባለው ሜዳ ላይ የፈረስ ስፖርት አሠልጣኞች የሚወጡበት ማሠልጠኛ ተከፈተ። ፈረሶቹ ከባላባቶች የተወረሱት ናቸው። ዓላማው ሲነበብ ያማረ ነበር፤ ለጉግስ፣ ለግልቢያ ውድድርና ለመሰናክል ዝላይ ፈረስና ፈረሰኛ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች ይሠለጥናሉ፤ ከሁሉ የበለጠው ሰልጣኝ ሀንጋሪ ተልኮ ሦስት ዓመት ተምሮ ይመለሳል። ከሰልጣኞቹ መካከል አንዲት ሴት እንድትኖር ስለታዘዘ የሴቶች ማኅበሩ በሆጤ ፈረስ የማትፈራ ሴት ሲፈልግ ያገኘው ሸዋረጋን ነው። «ለስም ነው የምንልካት፤ በሳምንቷ ትመለሳለች» ተብሎ ነበር።

አልተመለሱም። ሀንጋሪ የሚለውን ቃል ከሰሙ ወዲህ ሌላ ነገር ከሕይወታቸው አልፈለጉም። የዚያ ዘመን ወጣት ውጭ አገር ሲመኝ የሚመኘው ብዙ ነገር ነበር። እሳቸው የፈለጉት ፈረስ ሳይደማ የሚሠለጥንበት አገር በእውነት ካለ ሄደው ማየት፣ ተምረውም መጥተው እዚህ ማሳየት ነው። የሕይወታቸው ነገር ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ላይ ነበር።

የአገራችን ልጓም አገጭ ላይ የሚጠልቅ የብረት ቀለበት አለው። ሲሳብ ምላስና ድድ ይቆርጣል። ፈረሱ አፉን ይከፍታል፣ አንገቱን ይሰብራል፣ በኋላ እግሮቹ እየቆመ ይንቀጠቀጣል። ተመልካች ይህን ወኔ ይለዋል። አረፋው ሲቀላ እልልታው ይደምቃል። በመጀመሪያው የትርኢት ልምምድ ያ ቀይ አረፋ ሸዋረጋ ፊት ላይ ሲረጭ ከሜዳው ወጥተው አስታወኩ። «የባልደራስ ልጅ ያላችኋት ይህች ናት? እኔስ ያረገዘች መሰለችኝ!» ብሎ አንዱ ሰልጣኝ ሲናገር ሌላው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው አፋቸውን ጠርገው ተመለሱ።

ሌላም ነበር። ለትርኢት የሚወጣ ፈረስ ጅራቱን ከፍ እንዲያደርግ ከጅራቱ ሥር በርበሬ ይደረግበታል። ቀዝቃዛ የሚባለው ፈረስ አረቄ ይጋታል። ለፈረሶቹ ከተመደበው ገብስ ግማሹ ስፖርቱን በሚመራው ኃላፊ ቤት ጠላ ሆኖ ይጠጣል፤ ፈረሶቹ ደግሞ ፍግ ላይ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ቆመው ይውላሉ። ሸዋረጋ ፍጉን ጠርገው አወጡት። ለሽታ ሲሉ አይደለም፤ የፈረሶቹ ሰኮና እንዳይበሰብስ ነው። «ከሰው በቀር የሚያስጠላ ሽታ አላውቅም» ይሉ ነበር። የኃላፊውን ስም እዚህ ያልጻፍነው ዛሬም ስለምንፈራው አይደለም። ከእሳቸው ስም ጋር በአንድ ወረቀት ላይ እንዳይውል ብለን ነው።

የጉግስ አሠልጣኛቸው የገራዶው ሰው፣ የአባታቸው ወዳጅ አቶ ዘይኑልአቢዲን እንድሪስ ነበሩ። ቢስሚላህ ሳይሉ እርካብ አይረግጡም፤ ኮርቻ ላይ ከወጡ ግን ከፈረሱ ጋር የተፈጠሩ ይመስሉ ነበር። ወሬያቸው ጨዋታ ነው፤ የጠገበም የተራበም ያስቃሉ። በወጣትነታቸው በየገበያው ፈረስ ሲሸጡና ሲያሻሽጡ ስለኖሩ ከዚያ ያመጡትን ብልሃት ከጥሩው ትምህርት ጋር ቀላቅለው ያስተምሩ ነበር። ሸዋረጋ በሶምሶማ ላይ ሳይንገጫገጩ መቀመጥን፣ ዛብን በጣት ጫፍ መያዝን የተማሩት ከእሳቸው ነው። በርበሬውን ያዩትም በእሳቸው እጅ ነው። አንድ እጅ ሁለቱንም ማስተማሩ እስከ ዕለተ ሞታቸው ያልተዋጠላቸው ነገር ነበር።

ለሸዋረጋ የደረሳቸው ፈረስ አንድ ዳማ፣ ጠጉሩ ቀላ ያለ ድንጉላ ነበር። ብረት ከአፉ አውጥተው በገመድ ብቻ አሠለጠኑት። ሁለተኛው ዓመት ሲያልቅ ደረት የሚደርስ አጥር ይዘል፣ ገመዱ ላልቶ እያለ በድምፅ ብቻ ይቆም ነበር። ወሬው ደሴ ደረሰ። ከአዲስ አበባ የሚመጡ እንግዶች መስከረም 2 ቀን 1974 ዓ.ም. በደሴ በሚከበረው የአብዮት በዓል ላይ ሰልጣኞቹን አይተው ሀንጋሪ የሚሄደውን እንደሚመርጡ ሲነገር ሁሉም ሰው ወደ ሸዋረጋ ማየት ጀመረ።

በነሐሴ ወር ኃላፊው ጠጥቶ ከጓደኞቹ ጋር መጣ። ዳማውን አስጭኖ፣ ያንኑ ልጓም አስገብቶ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ሐረጎ ዳገት በአስፋልቱ ላይ ሽምጥ ጋለበው። ሸዋረጋ በዚያ ቀን ደሴ ነበሩ። ሲመለሱ ዳማው በቀኝ የፊት እግሩ መሬት መርገጥ አቅቶት ቆሞ አገኙት። ጅማቱ አብጦ ነበር፤ የሚያድነው ረጅም ዕረፍት ብቻ ነው። ኃላፊው ዘንድ ሄደው ፈረሱ ለበዓሉ እንደማይወጣ ተናገሩ።

«ጓድ ሸዋረጋ፣ ሀንጋሪ የምትሄጂው በዚህ ፈረስ ጀርባ ነው። እሱ ካልወጣ አንቺም አትወጪም።»

«ያነክሳል።»

«አብዮት አያነክስም። ሂጂ አሳምሪው።»

ጋጣ ተመልሰው ከዳማው ሥር ቁጢጥ ብለው ሳለ አቶ ዘይኑልአቢዲን መጡ።

«ምን ያስለቅስሻል፣ ሸዌ?»

«አላለቀስኩም። እግሩን እያየሁ ነው።»

«ማየት ምን ይረባል! ባንድ እግሩ የሚያነክስ ፈረስ ዕውር እንኳ ያውቅበታል። በሁለቱ ሲያመው ግን የቱን ይሽሽ? ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ወላሂ፣ ገበያ ላይ ስንቱን እንዲህ አድርገን ሸጠናል።»

«ጋሽ ዘይኑ፣ ደህናውን እግሩን ሊያሳምሙት ነው?»

«ላመጣጥነው ነው እንጂ! ላንድ ቀን ነው። አንቺ ተምረሽ ስትመጪ ለስንቱ ፈረስ መድኃኒት ትሆኛለሽ። አባትሽ ቢኖር እንዲህ አድርጊ ይልሽ ነበር።»

«አባቴን አይጥሩብኝ።»

ከዚህ በኋላ ሸዋረጋ ዝም አሉ። ቤተሰቡ ይህን አይሸፍነውም፤ ዝም ማለታቸው እሺ ማለት ነበር።

በበዓሉ ዋዜማ አቶ ዘይኑልአቢዲን በዳማው ደህና እግር ከሰኮናው ሥር፣ ለስላሳው ሥጋ ጎን፣ ሹል ጠጠር ሰክተው በጨርቅና በሰም ደፈኑት። ፈረሱ ሁለቱንም እግሮቹን እኩል እየፈራ መራመድ ጀመረ። እርምጃው አጭር፣ ቀጥ ያለ፣ የተለካ ሆነ። ያየው ሁሉ አደነቀ። ሸዋረጋ ኋላ ለባለቤታቸው ሲነግሩ፣ «ሲያነክስ አዝኜለት ነበር። ቀጥ ብሎ ሲሄድ ግን ማየት አስጠላኝ። ያሳመረው እኮ ሁለት ቦታ ማመሙ ነው» ብለዋል።

በማግስቱ አደባባዩ በሰውና በቀይ ጨርቅ ተሞልቷል። ሙዚቃ ይመታል። ተራቸው ሲደርስ ሸዋረጋ ዳማው ላይ ተቀምጠው እስከ ክብር ትሪቡኑ ፊት ድረስ መጡ፤ እዚያም ወረዱ። ደህናውን እግሩን አንሥተው በጉልበታቸው መሐል ይዘው ከፀጉራቸው በነቀሉት ሽቦ ጠጠሩን ፈልቅቀው አወጡት። ኮርቻውን ፈቱ። ለበዓሉ በግድ የገባበትን ልጓም ከአፉ አውጥተው መሬት ላይ ጣሉት። ከዚያ ዳማውን በገመድ ይዘው፣ እያነከሰ፣ በቀስታ ከትሪቡኑ ፊት ለፊት አሳለፉት።

ሙዚቃው ተቋረጠ። ከእንግዶቹ አንዱ፣ «ይህ ፈረስ የማን ነው?» ብለው ጠየቁ።

ከሕዝቡ መሐል አንድ ድምፅ፣ «የሰፊው ሕዝብ!» አለ።

«እንግዲያ የሚያነክሰው ሰፊው ሕዝብ ነዋ!» አለ ሌላው።

አደባባዩ በሳቅ ፈረሰ። ያ ሳቅ ነው ሸዋረጋን ያሳሰራቸው። ቀልዱን የተናገረው ሰው አልተገኘም፤ የአብዮቱን በዓል አንቋሽሸዋል ተብለው የተያዙት ሸዋረጋ ናቸው። እስከ ፋሲካ ታሰሩ። ሀንጋሪ ሌላ ሰልጣኝ ተላከ። እሱም ተምሮ ሲመለስ አዲስ አበባ ቢሮ ተሰጥቶት ፈረስ አጠገብ ደርሶ አያውቅም ይባላል።

ሲፈቱ ከእስር ቤቱ በር ላይ የጠበቋቸው አቶ ዘይኑልአቢዲን ነበሩ። ሸዋረጋ ከሰላምታ በፊት ስለ ዳማው ጠየቁ።

«እግሩ አልሆነለትም፣ ልጄ። ወደ ገደሉ ለቀቁት። ጅብ…»

«ማን ነው የነዳው?»

አቶ ዘይኑልአቢዲን የዳማውን ገመድ ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ሰጧቸው። ሸዋረጋም ከዚያ ቀን በኋላ አላነጋገሯቸውም።

ስለዚህ ነገር በቤተሰቡ ውስጥ ዓመታት ክርክር ነበር። ጠጠሩ ያን ዕለት በቦታው ቢቆይ ፈረሱ አንድ ቀን ታሞ ምናልባት ይተርፍ ነበር፤ እሳቸውም ተምረው መጥተው ብዙ ያስተምሩ ነበር የሚሉ አሉ። ጠጠሩን የዋጠ ሰው ሀንጋሪም ሄዶ ሌላ ጠጠር መዋጥ ነው የሚማረው የሚሉም አሉ። የትኛው ልክ እንደሆነ እኛ አናውቅም። እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለንም ነበር፤ በተጠየቁ ቁጥር ይቆጡ ነበርና።

ኑሯቸውን በኮምቦልቻ አድርገው በአንድ ፋብሪካ በጽዳት ሥራ ተቀጠሩ። በ1975 ዓ.ም. ከባለጋሪው ከአቶ እንየው ካሳ ጋር ተጋቡ። የተዋወቁት በጠብ ነው። ሸዋረጋ መንገድ ላይ ጋሪውን አስቁመው፣ «ውረድ!» አሏቸው።

«ለምን እወርዳለሁ?»

«ትከሻው ቆስሏል።»

«ፈረሱ የኔ ነው።»

«ቁስሉም ያንተ ነው። ውረድ አልኩህ!»

አቶ እንየው ወረዱ። ያን ቀን ጋሪውን ራሳቸው ገፍተው ወደ ቤት እንደሄዱና ሸዋረጋ ከኋላ ፈረሱን ይዘው እንደተከተሏቸው ይናገራሉ። አቶ እንየው ከወንጌላውያን ቤተሰብ ናቸው። ቸርች ተዘግቶ በነበረበት በዚያ ዘመን በየቤቱ በዝቅተኛ ድምፅ በሚደረገው ጸሎት ወይዘሮ ሸዋረጋም ጌታን ተቀበሉ። አባይነሽና ማረው የተባሉ ሁለት ልጆችም ወለዱ።

በ1976 ዓ.ም. ማብቂያ፣ አሥረኛው የአብዮት በዓል ሲቃረብ፣ ያው ኃላፊ አስጠራቸው። ፈረስ በገመድ የሚያዝ ሌላ ሰው አላገኘም። በእስራታቸው ምክንያት ታግዶ የነበረው የማሠልጠኛው የምስክር ወረቀት እንደሚሰጣቸው፣ በአሠልጣኝነት እንደሚቀጠሩ ነገራቸው። ሸዋረጋ ሄዱ። ለምን ሄዱ ቢባል፣ ሥራውን ስለሚወዱት ነው። ከቤታቸው እስከ ሜዳው ድረስ በመንገዱ ግራና ቀኝ ረኃብ ከሰሜን ያወረደው ሰው ተኝቶ ነበር፤ የሞተውንና ያልሞተውን መለየት ያቅት ነበር። ጋጣው ሲደርሱ ግን ፈረሶቹ ወዝተዋል፤ ግርግሙ በገብስ ሞልቷል።

«ይህን ገብስ ከየት አመጣኸው?» አሉት ኃላፊውን። «አንተ» ያሉት ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ዕለት ነው።

«እሱ አንቺን አይመለከትም። ወረቀትሽ እጄ ላይ ነው፤ ትፈልጊያለሽ አትፈልጊም?»

ወይዘሮ ሸዋረጋ በሁለታቸው መሐል መሬት ላይ ምራቃቸውን ተፍተው ወጡ። የፈረስ ስፖርት አሠልጣኝ የመሆናቸው ነገር በዚያ ምራቅ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ትርኢት ያለበትን አደባባይ አልረገጡም። ፈረስን ግን አልተዉም። ከፋብሪካ መልስ በግቢያቸው የጋሪ ፈረሶችን ቁስል ያጥቡ ነበር፤ ባለጋሪዎችንም ያለ ልጓም መንዳት ያስተምሩ ነበር። ተምረው የቀጠሉ አሉ። ብዙዎቹ ከዓይናቸው ሲርቁ ብረቱን መልሰው እንደሚያስገቡ ያውቁ ነበር፤ ሲይዟቸው የሚሏቸውን ቃል በሐዘን ቦታ መድገም አይቻልም።

በ1982 ዓ.ም. የሆድ ሕመም ጀመራቸው። በደሴ ሲታከሙ ቆይተው የሚድን እንዳልሆነ ሲነገራቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ሕመሙ ሲበረታ እንኳ የሚያዝንላቸውን ሰው ፊት ማየት አይወዱም ነበር። ሐምሌ 9 ቀን 1983 ዓ.ም. በተወለዱ በሠላሳ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ይህ ሁሉ መንግሥት ከተለወጠበት ከግንቦት በፊት ቢሆን ጮክ ተብሎ የሚነበብ አልነበረም። ዛሬ በመነበቡ ግን ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር ብለን አንጽፍም፤ ሲመሰገኑም ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

ከእሳቸው በኋላ ባለቤታቸው አቶ እንየው ካሳ፣ ልጆቻቸው አባይነሽና ማረው፣ እናታቸው ወይዘሮ ባይነሽ አሊ፣ ወንድሞቻቸውና የወንድሞቻቸው ልጆች ቀርተዋል።

በእኛ አገር ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ተሸልሞ፣ ኮርቻው ተገልብጦ ተጭኖ በለቅሶ መሐል ይሳባል። አቶ ዘይኑልአቢዲን ትናንት ከሰዓት ከገራዶ ፈረሰኞች አስከትለው፣ ፈረሶቹን ግላስ በሚባለው የኮርቻ ልብስና በወርቅማ ዘርፍ አስጊጠው ድንኳኑ በር ደረሱ። አቶ እንየው ወጥተው የሟችን ኑዛዜ ነገሯቸው፤ በቀብራቸው ላይ ፈረስ እንዳይጫን፣ እንዳይጎተት፣ እንዳይታይ።

«ያለ ፈረስ የፈረሰኛ ለቅሶ የት አገር አለ? እኔ ነኝ እኮ ኮርቻ ላይ ያወጣኋት!»

«ታውቅ ነበር። ይህን ያለችው እያወቀች ነው።»

ሽማግሌው ከፈረሳቸው ወረዱ። ከዚያም፣ «እንደናቀችኝ ነው የሞተችው?» ብለው ጠየቁ።

ዋሽቶ ማጽናናት ይቻል ነበር፤ የለቅሶ ቤት ወጉም እሱ ነው። አቶ እንየው ግን፣ «ስለ እርስዎ ክፉም ደግም አልተናገረችም፣ አባቴ» አሏቸው። አቶ ዘይኑልአቢዲን ፈረሰኞቹን ወደ ገራዶ መለሷቸው። እሳቸው ብቻ ቀርተው ሌሊቱን ድንኳን ውስጥ አድረዋል፤ አሁንም ከመሐላችን ቆመዋል። በአስከሬኑ ፊት እንዲሄዱ ቤተሰቡ ለምኗቸዋል።

ጌታ የእህታችንን ነፍስ ይቀበል፤ በሕይወት ዘመናቸው የተጸየፉት ሁሉ ወደማይደርስበት ያግባት። እኛን የቀረነውን ደግሞ አይቶ ዝም ከማለት ይጠብቀን። ለልጆቻቸው መጽናናትን፣ አብራችሁን ለሸኛችሁ ሁሉ ጤናን ይስጥልን። አሜን።